ያልተቆጠረው ፒክ

«ደብዳቤው ተጽፏል አሉ» አለ ሬዲዮ። ከሰኞ ወዲህ ይህን ሲናገር ለአራተኛ ጊዜ ነው። «የክፍል ኃላፊነቱ ለአዲሷ ልጅ ነው አሉ። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው አሉ።»

ሬዲዮ የላቦራቶሪው ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሠራተኛ መዝገቡ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ወሬ እሱ ዘንድ አድሮ ስለማያውቅ ሬዲዮ ሆኖ ቀረ። የሚነግራት ሴት ደግሞ መርፌ ትባላለች። አንደኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ናሙና በመርፌ እየሳበች ማሽን ውስጥ ስትወጋ እጇ አንድ ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ሁለተኛውን ምክንያት ለአምስት ደቂቃ ያነጋገራት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«አሉ፣ አሉ፣ አሉ» አለች መርፌ፣ ጭንቅላቷን ከማሽኑ ምድጃ ውስጥ ሳታወጣ። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳን ‹አየሁ› ብለው ያውቃሉ?»

«እኔማ ምን አየሁ? የሰማሁትን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከሌላ ከምትሰሚው ብዬ እኮ ነው።»

«ለባለቤቱ ባዳ የሆነው ለእርስዎ ሥጋ ዘመድ ሆኖ ነዋ! በሉ ያቺን መቁረጫ ያቀብሉኝ።»

አቀበላትና ወሬውን ለሌላው ክፍል ሊያደርስ ወጣ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሷና ከማሽኑ በቀር ማንም የለም።

ማሽኑ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው፤ በቤቱ አጠራር ጂሲ። መርፌ ለባሏ ስታስረዳው እንዲህ ብላ ነበር። «አንዲት ጠብታ ትወጋለህ፤ ትተናለች። ጋዝ ይገፋትና ኮለም በሚባል፣ ሠላሳ ሜትር በሚረዝም፣ ፀጉር በመሰለ ጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ታልፋለች። ጠብታዋ ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው ገብተው ለየብቻ ይወጣሉ፤ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ። አንዱ በወጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጉብ ይላል። እሱን ነው ፒክ የምንለው። የወጣበት ደቂቃ ማንነቱን ይነግርሃል፣ የጉብታው ስፋት ብዛቱን።» ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ቶሎ ገባው። «ሁሌ የትኛው ፌርማታ ላይ እንደሚወርድ ካወቅሁ ፊቱን ሳላይ ስሙን እጠራለሁ ነው የምትይው።» እንደሱ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ፒኮቹ ጭራ ማውጣት ጀምረው ነበር። ይህ የቱቦው አፍ መቆሸሹን ያሳያል፤ መድኃኒቱም መቁረጥ ነው። መርፌ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቆረጠችና ጫፉን መልሳ አሰረች። መንገዱ ሲያጥር ግን ተሳፋሪው ሁሉ ከወትሮው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ከተቆረጠ በኋላ ምንነቱ የሚታወቅ ናሙና፣ ስታንዳርድ የሚሉት፣ ይወጋና የእያንዳንዱ ፒክ ሰዓት ይታረማል። ይህ እንዳይረሳ ቤቱ የራሱ ልማድ አለው፤ የቆረጠ ሰው ቁራጩን ጠቅልሎ በማሽኑ በር እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። ያ ጥቅልል እጀታው ላይ ሳለ፣ ከሰማይ ንጉሥ ቢወርድ የእሱም ናሙና ስታንዳርድ ሳይቀድመው አይወጋም።

መርፌ ቁራጩን በጣቷ ላይ ጠቅልላ በክር አሰረችው። ወደ እጀታው እጇን ስትሰድ የክፍሉ በር ተከፈተና ዶክተሩ ገባ።

ዶክተሩ የላቦራቶሪው ሥራ አስኪያጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ የሚያጠራጥር መስመር ባየ ቁጥር በዚያ በር እየገባ «መርፌ፣ እስኪ ዓይንሽን አውሺኝ» ይላት ነበር። ለሌላ ሰው ብሎት አያውቅም። አሁን ክፍሉን ቃኘት አደረገና፣

«አዲሷ የታለች?» አላት።

«ምሳ ላይ ናት።»

«ስትመጣ ወደ እኔ ላኪያት። ዓይኗን እንድታውሰኝ ነው» ብሎ በሩን ዘግቶት ሄደ።

መርፌ እዚያው እንደቆመች ቀረች። ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ዓይኗን! የተገዛው ትናንት፣ የተወለወለው ዛሬ! እሷ ከጠርሙስ አጣቢነት ተነስታ የማሽኑን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታች፣ የቱ እውነተኛ ፒክ፣ የቱ የማሽን ማንኮራፋት እንደሆነ በማስመሪያና በእርሳስ እየለየች ያበራችው ዓይን፣ አንድ ቀን «ይበቃሻል» ሳይባል በሌላ ተተካ።

ጥቅልሉ እጀታው ላይ አልተንጠለጠለም። ጋውኗ ኪስ ውስጥ ገባ። እጇ ብቻውን ነው ያደረገው እንዳይባል፣ እጇ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ረጅም ጊዜ አስባበታለች።

ስልኳ ጮኸ። ባሏ ተራ ሲጠብቅ ይደውላል።

«ዛሬ ማንን ወጋሽ?» አላት እንደ ወትሮው።

«ማንንም።»

«አመመሽ እንዴ?»

«ያቺን ልጅ ኃላፊ ሊያደርጓት ነው።»

«የትኛዋን? ያቺን አንገቷን ደፍታ የምትሄደዋን?»

«አዎ፣ አንገቷን ደፍታ አገር የምታጠፋዋን።»

«አገሩን እንኳ ተይው። አንቺ የምትፈልጊው ወንበሩን ነው ወይስ እሷ እንዳታገኘው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአውቶቡስ ሹፌር አይጠበቅም።

«ቅናት እንዳይሆን ብቻ» አላት።

«ቅናት አይደለም። ፍትሕ ነው።»

«ፍትሕ ከሆነ ምሳሽን ብዪ። ፍትሕ የምግብ ፍላጎት አይዘጋም፤ የሚዘጋው ቅናት ነው። በይ ተራዬ ደረሰ።»

ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ አየችው፤ መልሳ ከደነችው።

አዲሷ ልጅ የመጣችው ከአራት ወር በፊት ነው፤ ዲግሪዋን ይዛ፣ ድምፅ የሌለው ጫማዋን አድርጋ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማሽኑ ላይ የሰዓት ሠንጠረዥ ጻፈችበት። እስከ ሦስተኛው ደቂቃ አትቁጠር፤ አየሩና ግርግሩ ይለፍ። በሦስተኛው ደቂቃ መቁጠር ጀምር። በስምንተኛው ምድጃውን አሙቅ። በአሥራ አምስተኛው አቁም። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ራሱ ይለያል፣ ራሱ ይለካል፣ ራሱ ያትማል። «እንግዲህ ማንም ሰው ወግቶ ሻዩን ሊጠጣ ይችላል!» ብሎ ዶክተሩ አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ። መርፌም አጨበጨበች፤ በራሷ ቀብር ላይ የሚያጨበጭብ ሰው እንደሚያጨበጭበው። ሠንጠረዡን ከፍቼ ባየው ዓይኔ ይጥፋ ብላ ማለችና መሐላዋን ጠበቀች።

ደግሞ «እርስዎ» ትላታለች! በሠላሳ ስምንት ዓመቷ። ልጅቱ አክብራት ነው ይላሉ። መርፌ ግን ታውቃለች፤ ሰውን ከመቅበር በፊት ማስረጀት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ አዲሷ ልጅ ከዶክተሩ ቢሮ ተመለሰች።

«ምሳ በሉ?» አለቻት።

«ጠገብኩ።»

ልጅቱ የሚወጋውን ናሙና አነሳች፤ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ከፍራፍሬ አጣርቶ ያመጣው መጠጥ ነው። የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሜታኖል አለበት ወይስ የለበትም? ሜታኖል የአልኮል ክፉ ወንድም ነው፤ መልኩም ሽታውም ያው፣ ግን ከበዛ የሰው ዓይን ያጠፋል፣ ሲብስም ይገድላል። በማሽኑ ላይ የሚወጣው በሦስት ደቂቃ ከስድስት ሴኮንድ ነው። ይወጣ የነበረው፣ ማለት ነው፤ ቱቦው ሳይቆረጥ።

ልጅቱ ከመውጋቷ በፊት የማሽኑን በር እጀታ አየች። ባዶ ነው። ጎንበስ ብላ ደግማ አየች፤ ምናልባት ወድቆ እንደሆን መሬቱንም ቃኘች። ከዚያ ወጋች።

መርፌ ይህን ሁሉ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ታያለች። ጠርሙስ እያጠበች ነበር፤ ያልቆሸሸ ጠርሙስ።

ልጅቱን ዶክተሩ ደግሞ ጠራት፤ ሄደች። የማይጠራት ሰዓት የለ! መስመሩ ስክሪኑ ላይ ብቻውን ቀረ። ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ከሠላሳ፣ ሁለት ከአርባ። በሁለት ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሴኮንድ መስመሩ ተነሳ። እንደ ግርግር አልተነሳም፤ ቀጥ ብሎ፣ ሾጠጥ ብሎ፣ አናቱን ይዞ ወረደ። መርፌ ፊቱን ማየት አላስፈለጋትም። ሜታኖል ነው፤ ያውም ብዙ። ማሽኑ ግን እስከ ሦስተኛው ደቂቃ አትቁጠር ስለተባለ ቁጥር አልሰጠውም። እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ቆይቶ ባለቤቱ ከመንቃቱ በፊት እንደሄደ ሆነ። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ተፋው። «ሜታኖል፦ አልተገኘም።»

የመርፌ ልብ ዘለለ፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ እሷም አልለየችውም። ልጅቱ ተመልሳ ወረቀቱን አነሳች፤ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፤ መስመሩ ያለበትን ሁለተኛ ገጽ ሳትገልጥ ከበታቹ አያያዘችው።

«ንጹሕ ነው» አለች ፈገግ ብላ።

«እሰይ» አለች መርፌ።

ለራሷም አንድ ነገር ነገረች፤ ዶክተሩ ሳይፈርም መስመሩን ማየቱ አይቀርም፤ ያያል፣ ይጮኻል፣ የተወለወለው ዓይን ምን እንዳመለጠው ይታወቃል፤ ማንም አይጎዳም። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሠንጠረዡ ከመጣ ወዲህ ዶክተሩ ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ እንደማያውቅ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

«እህቴ» አሏት፣ «መርፌ የሚሏት አንቺ ነሽ?»

«ማን ነገረዎት?»

«በር ላይ ያለው ዘበኛ ነው። ‹እሷ ካየችው አይሥጉ› አለኝ። የእኔን መጠጥ አየሽው?»

«አይቼዋለሁ» አለች። እውነቷን ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያየችው እሷ ብቻ ናት።

«ተመስገን!» ሽማግሌው ኮፍያቸውን አገላበጡ። «የራሴ ብቻ ቢሆን እኮ ወረቀትም ባልፈለግሁ፤ የእጄን አውቀዋለሁ። ዘንድሮ ፍራፍሬው አነሰንና ከአንድ ነጋዴ ሁለት በርሜል ገዝተን ጨመርንበት። የእሱን ምን አውቃለሁ? ልጆቼ ‹አባባ፣ ቀምሰን እንለየዋለን› አሉኝ። ወረቀቱ ሳይመጣ ከንፈሩን የሚያስነካ ልጄ አይደለም አልኩ።»

«ስንት ናቸው ልጆችዎ?»

«አራት። አራቱም ከእኔው ጋር ነው የሚሠሩት። አሁን ወረቀቷን ይዤ ስገባ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእነሱ ነው፤ ቃል ገብቻለሁ።»

«መቼ ነው የሚሰጡዎት?»

«አሥር ሰዓት ተብያለሁ። መኪናው በር ላይ ነው።»

መርፌ የኮሪደሩን ሰዓት አየች። ለአሥር አራት ጉዳይ።

ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጠችው በኋላ አላስታወሰችም። የዶክተሩን በር ሳታንኳኳ ገፋችው። ዶክተሩ ብዕሩን ይዟል፤ አዲሷ ልጅ አጠገቡ ቆማለች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ብቻ አይታ አንድ ሳምንት በተብሰለሰለች።

«አይፈርሙ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ሁለተኛውን ገጽ ይግለጡት።»

ገለጠው። መርፌ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ ጣቷን ሁለት ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሴኮንድ ላይ አሳረፈች። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። አዲሷ ልጅ ጎንበስ አለችና ከንፈሯ አመድ መሰለ።

«ይኼ… ይኼ ሜታኖል ነው እንዴ? ሰዓቱ ግን…» ቀና አለች። «ኮለሙ ተቆርጧል? እጀታው ላይ እኮ ምንም አልነበረም! ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።»

«ሁለት ጊዜ አይተሻል። መሬቱንም አይተሻል።» መርፌ ኪሷ ውስጥ ገብታ ጥቅልሉን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። «በምሳ ሰዓት የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ቀድማ የተናገረችው ልጅቱ ናት።

«ረስተውት ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ሰው ይረሳል፣ ዶክተር። እኔም ከሰዓት በኋላ ስጀምር ስታንዳርድ ማስቀደም ነበረብኝ፤ የእኔም ጥፋት አለበት።»

መርፌን ከሁሉ ያቃጠላት ይህ ነው። ቢሰድቧት ታውቅበታለች፤ ለስድብ የሚሆን መልስ አጥታ አታውቅም። ይህች ልጅ ግን በሩን ከፍታ ቆማ «ይለፉ» ትላታለች። በዚህ ደግነቷ እንኳን ቀናችባት።

«ረስተሽ ነው?» አላት ዶክተሩ፤ አዎ በይኝ ብሎ የሚለምን ይመስላል።

አንድ ቃል ብቻ ነበር። ከምሳ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ያጥብ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከማጠብ ነው የተነሳችው።

«አልረሳሁም» አለች። «እያወቅሁ ነው ኪሴ የከተትኩት። ፒኩም ሲወጣ ቆሜ አይቼዋለሁ። እሷ ትዋረድ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ምን አደረገችሽ?»

«ወንበሩን ሰጣችኋታ! ደብዳቤው ተጽፎ የለ?»

«ለእኔ?» አለች ልጅቱ፤ የምትስቅ ሁሉ መስሏት ነበር መርፌ፣ ግን አልሳቀችም። «እኔ እኮ ከመጣሁ ገና አራት ወር ነው። ቅጥሬ እንኳን ገና አልጸናም።»

ስድስት ወር ያልሞላው ሰው በዚያ ቤት የዕቃ ሣጥን ቁልፍ እንኳን በስሙ አይሰጠውም። ይህን ሬዲዮም ያውቃል፣ ዘበኛውም ያውቃል። መርፌ ራሷ ስድስት ወር ሙሉ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ሥር ስታስቀምጥ ኖራለች። አራት ቀን ሙሉ ያን ወሬ ስታላምጥ አንዴም ትዝ አላላትም።

ዶክተሩ ብዕሩን ከደነ።

«ከነገ ጀምሮ ማሽኑን አትነኪም» አላት ዝግ ብሎ። «ጉዳዩን ኮሚቴ ያየዋል። የኃላፊነቱን ነገር እኔ ፊት እንዳታነሺው። ዛሬ ግን ኮለሙን የቆረጥሽው አንቺ ስለሆንሽ አብረሻት ታርሚዋለሽ።»

«ሽማግሌውስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ልንገራቸው። አይቼዋለሁ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው አላመሰገኗትም፣ አልሰደቧትም። ኮፍያቸውን ደፉና፣ «መቼ ነው ያየሽው?» አሏት። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ስልካቸውን አወጡ። «ልጄ፣ በርሜሎቹን ዝጋ» ሲሉ ሰማቻቸው።

ማሽኑ ፊት ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስታንዳርዱን መርፌ ወጋችው። ሜታኖሉ በሁለት ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሴኮንድ ላይ ብቅ አለ። ልጅቱ ሠንጠረዡን ከፈተችና መቁጠር የሚጀመርበትን ደቂቃ ከሦስት ወደ ሁለት ተኩል መለሰችው። ማሽኑ ግን አላስቀምጥም አለ፤ አንድ ሣጥን ከፍቶ ፈቃድ ጠየቀ።

«እዚህ ላይ የእርስዎ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል» አለች ልጅቱ፣ ኪቦርዱን ወደ እሷ እየገፋች።

«የእኔ ለምን? ሠንጠረዡ ያንቺ፣ ፈቃዱም ያንቺ።»

«ለእኔ አይፈቅድም። ባለቤቱን ነው የሚጠይቀው።»

መርፌ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ «የዘዴው ባለቤት» ከሚለው ፊት ለፊት፣ የራሷ ስም ነበር፤ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ከሥሩ ያለው ቀን የአራት ወር ዕድሜ አለው።

«ሰዓቶቹን በሙሉ የወሰድኩት መደርደሪያው ላይ ካለው ደብተርዎ ነው» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከኪቦርዱ ሳታነሳ። «የእኔ መተየብ ብቻ ነው። ያኔውኑ ለዶክተሩም ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።»